ለ40 ሊትር አኳሪየም የቱ ፊልተር ይሻላል? መብራት ለሚጠፋበት ቤት

ይህን ጥያቄ የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ 21 ደርሰዋል፤ አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ያነሳል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ። የተስማማሁበትንም ያልተስማማሁበትንም አልደበቅኩም።

የመክፈቻው ጽሑፍ። ገንዳው መስታወት ቤት አስቆርጬ በሲሊኮን ያስለጠፍኩት ነው፤ ርዝመቱ 45፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር። ሲባዛ 40 ሊትር ከምናምን ይወጣል። ታች የተነጠፈው አፈርና አሸዋ፣ እንጨቱ፣ ከላይ ባዶ የሚተወው ሦስት ጣት ሲቀነስ ግን ውኃው 30 ሊትር ገደማ ነው። እንጨቱ ላይ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የሚባሉ የውኃ ተክሎች በክር ታስረዋል፣ ከኋላ ቫሊስኔሪያ ተተክሏል። ለተክሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሲሊንደር አልሰጥም። ዓሣ ገና አልገባም፤ ሐሳቤ ስድስት ጋፒና ጥቂት ሽሪምፕ ማስገባት ነበር። የጠየቅኩት እንግዲህ ከገንዳው ውጭ ከስር የሚቀመጠው፣ በቱቦ የሚገናኘው በርሜል መሳይ ካኒስተር ይሻላል ወይስ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው፣ የትኛውስ ለተክል ይስማማል፣ የትኛው ድምፅ አያሰማም ብዬ ነው። መጨረሻ ላይ ሰፈራችን በሳምንት ሁለት ሦስቴ መብራት እንደሚጠፋ በአንድ መስመር ጨመርኩ። ውይይቱን ሁሉ ይዛ የሄደችው ያቺ መስመር ናት።

መልስ 1 በጣም ጨዋ ነበር። እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ ጀመረና ምክር ከመስጠቱ በፊት መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠየቀኝ። ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴ ግን ከማታ እስከ ንጋት ብዬ መለስኩ። እንግዲያው ከሁለቱ ምርጫዎቼ በፊት ሦስተኛውን፣ አየር በሚነፋ ትንሽ ፓምፕ (ኤር ፓምፕ) የሚሠራውን የስፖንጅ ፊልተር እንዳይ መከረኝ። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ስፖንጅ ዓሣ ሻጮች ርካሽ ስለሆነ ብቻ በየገንዳቸው የሚያስገቡት ነገር ይመስለኝ ነበር።

ያንን ሐሳቤን ያስቀየረኝ መልስ 2 ነው። ፊልተር ወንፊት አይደለም አለ፤ ቆሻሻ መያዙ ትንሹ ሥራው ነው። ዓሣ የሚያወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። እሱን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ፊልተር ማለት የእነሱ ቤት ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ውኃው ውስጥ እየተንሳፈፉ ሳይሆን ስፖንጅ፣ ፊልተር ውስጥ የሚገባ ቀዳዳማ ሴራሚክ፣ አሸዋና ቅጠል ላይ ተለጥፈው ነው፤ ኦክሲጅንም የግድ ይፈልጋሉ። አዲስ ገንዳ ውስጥ ተራብተው እስኪበቁ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ተክሉ ጥሩ አድርጎ ከያዘ ደግሞ እሱ ራሱ አሞኒያውን ስለሚመገብ የፊልተሩን ሸክም ያቀልለታል። ዳያና ዋልስታድ የምትባል አሜሪካዊት ባስተዋወቀችው አሠራር ከታች አፈር አንጥፈው፣ ተክል አብዝተው፣ ፊልተር በጣም አሳንሰው ወይም ጨርሶ ትተው የሚያኖሩ ሰዎች እንዳሉም ጠቀሰ። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

መልስ 3 ላይ የካኒስተር ደጋፊው መጣ። 200 ሊትር ገንዳ አለው፤ ተክሉን በፎቶ አይቼዋለሁ፣ በእውነት ያምራል። ካኒስተር ብዙ ሴራሚክና ስፖንጅ ይይዛል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይደበቃል፣ ውኃውን እንደ ጠበል ያጠራል አለ። ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ በመስታወት ቱቦ ይሠራቸው የነበሩትን ገንዳዎች አስታወሰና ውበት የሚፈልግ ሰው ስፖንጅ አያስገባም ብሎ ደመደመ። ፓምፑ በሰዓት የገንዳውን ውኃ አሥር እጥፍ መግፋት አለበት የሚል ሕግም ሰጠኝ። መልስ 4 ይህ ሕግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በሲሊንደር ለሚሰጥና ተክሉ ጥቅጥቅ ላለ ትልቅ ገንዳ ነው ብሎ አረመው። ጋፒና ሽሪምፕ ለሚኖሩበት ትንሽ ገንዳ ከአራት እስከ ስድስት እጥፍ ይበቃል፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ፊልተሩ ባዶውን ሳለ የተለካ ስለሆነ ስፖንጁ ሲገባበት ይቀንሳል። ቅጠሉ ቀስ ብሎ ከተወዛወዘ በቂ ነው፣ ዓሣው እየታገለ ከዋኘ በዝቷል ማለት ነው። ከዚያ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። ባለ ካኒስተሩም ጄኔሬተር አለኝ አለ።

ከሁሉም የነካኝ መልስ 5 ነው። የጻፈችው ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ናት። የአሠሪዎቿ ሳሎን ውስጥ ትልቅ ገንዳ አለ፤ የሚንከባከበው ሌላ ሰው ስለሌለ ሥራው በእሷ ላይ ወደቀ። በመጀመሪያው ወር ካኒስተሩን ስትከፍተው ውስጡ ቡኒ ዝቃጭ ሞልቶበት አገኘችው። ደነገጠች፤ ኩሽና ወስዳ ስፖንጁንም ሴራሚኩንም በቧንቧ ውኃ ነጭ እስኪሆን አጠበችው። በሦስተኛው ቀን ውኃው ወተት መሰለ። ዓሦቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፤ አራቱ ሞቱ። የሚቆጣት አልጠፋም፣ ለምን እንደሆነ የነገራት ግን አልነበረም። ራሷ ፈልጋ ነው ያወቀችው፤ የቧንቧው ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ገድሏቸው ነበር። ዛሬ ከገንዳው በቀዳችው ውኃ ባልዲ ውስጥ ስፖንጁን ሦስቴ ብቻ ጨመቅ ጨመቅ ታደርገዋለች። ሁሉንም በአንድ ቀን አትነካም፤ ግማሹን በዚህ ወር፣ ግማሹን በሚቀጥለው። ብዙ ሰው አመሰገናት። ከዚያ ወዲህ ፊልተር ማጠብን በተመለከተ ጥያቄ ሲመጣ ወደ መልስ 5 እንልካለን።

መልስ 6 አንድ ወንድም ካኒስተር ገዝቶ የደረሰበትን ተረከ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጣ። እሱ ወደ ሥራ እየተጣደፈ ስለነበር ልብ አላለም። ካኒስተሩ በራሱ ተነሳና ሌሊቱን ሙሉ ውስጡ ታፍኖ ያደረውን ውኃ ገንዳው ውስጥ ተፋው። ማታ ሲመለስ ቤቱ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ አንዲት ጋፒ ብቻ ጥግ ላይ ቆማ አገኛት። ምክንያቱን ራሱ አብራርቷል፦ ካኒስተር የተዘጋ በርሜል ነው። ውኃው ሲቆም ባክቴሪያዎቹ ውስጡ የቀረችውን ኦክሲጅን በጥቂት ሰዓት ይጨርሷትና መሞት፣ መበስበስ ይጀምራል። ስፖንጅ ግን ገንዳው ውስጥ ክፍት ሆኖ ስለሚቀመጥ መብራት ሲጠፋም ዙሪያውን ውኃ ያገኛል፤ እንደ ካኒስተር ቶሎ አይታፈንም።

እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። መልስ 7 ያው የካኒስተር ደጋፊ ነው፤ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን ሶኬቱን ያልነቀለው ሰው ነው፣ መብራት ከጠፋ ነቅለህ፣ ከፍተህ፣ አለቅልቀህ መመለስ ነበረብህ አለ። አነጋገሩ ሸካራ ነበር። ነገሩ ግን ትክክል ነው፤ ለብዙ ሰዓት የቆመ ካኒስተር ሳይለቀለቅ መነሳት የለበትም። መልስ 8 ደግሞ ሌሊት ተኝቶ የነበረ ሰው እንዴት አድርጎ ሶኬት ይነቅላል ብሎ መለሰለት፣ ጄኔሬተር ያለው ሰው ጄኔሬተር ለሌለው ሕግ አያውጣም ሲልም ጨመረ። እኔ በዚህ ከመልስ 8 ጋር ነኝ። ዕቃ የሚመረጠው ለሚገባበት ቤት ነው፤ የእኔ ቤት ደግሞ መብራት ይጠፋበታል።

መልስ 9 ስፖንጅን በሌላ በኩል መታው። አረፋው የውኃውን ላይ ስለሚያናውጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበናል፣ ተክሉ ይራባል አለ። ይህን ብዙ ቦታ ሰምቼው ስለነበር ፈራሁ።

የመለሱልኝ ደብረ ብርሃን ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ ጋሼ ናቸው፤ መልስ 10 የእሳቸው ነው፣ ረጅም ነው። ጋዝ በሲሊንደር ለሚሰጥ ሰው የመልስ 9 ሥጋት እውነት ነው አሉ፤ የከፈለበትን ጋዝ አረፋው ያባርርበታል። ጋዝ ለማይሰጥ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቀን መብራቱ በርቶ ተክሉ ውኃው ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨርሰው፣ ከአየር አዲስ የሚገባው ላዩ ሲናወጥ ነው። ቀጥለው ማናችንም ያላሰብነውን አመጡ፤ ከፍታውን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,840 ገደማ። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ቢበዛ 8 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ አዲስ አበባ ላይ 6 ገደማ ነው የሚይዘው። ሌሊት ደግሞ ተክሉም ኦክሲጅን ይተነፍሳል። ስለዚህ በውጭ አገር ሰው የተጻፈ ምክር ስናነብ የእኛ ዓሣ ከመነሻው ጠበብ ባለ ኦክሲጅን እንደሚኖር እናስብ፣ ላዩን የሚያናውጥ ፊልተር ለእኛ የቅንጦት ነገር አይደለም ብለው ጨረሱ። እኔ ከዚያ በኋላ ስለ ካኒስተር ማሰብ አቆምኩ። መልስ 9ን የጻፈውም ሰው ተመልሶ ጋሼን አመሰገነ።

መልስ 11 ዲሲ ከሚኖር ወንድም ነው። የሚንጠለጠለው ፊልተር አለው፣ ይወደዋል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን አንዳንዴ ውኃው ከሳጥኑ ወደ ገንዳው ተመልሶ ስለሚፈስ ሞተሩ ደረቁን እየጮኸ ያገኘዋል። በእጅ ውኃ መጨመር ይጠይቃል። ሽሪምፕ ካለ ደግሞ መምጠጫው አፍ ላይ ስፖንጅ ካልተሰካ ልጆቹን ይበላቸዋል። ከዚያ ወደ ውኃ ዞረ፤ የእሱ ከተማ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክሎራሚን (እንደ ክሎሪን ቶሎ የማይበን ማከሚያ) ስለሚጠቀም ባልዲ ውስጥ ማሳደር አይረዳም፣ የግድ ኮንዲሽነር (እሱን የሚያከሽፍ ፈሳሽ) ግዢ አለኝ። መልስ 12 ይህ ለዲሲ ልክ ነው፣ እኛ ጋ የሚጨመረው ክሎሪን ስለሆነ አፉ ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ሲያድር ይበናል፤ ቧንቧው በመጣ ዕለት በቀጥታ የተቀዳውን ግን አታስገቢ አለ። ሮቶ ውስጥ ቀናት የቆየው ውኃ ይሻላል።

ውኃ ሲነሳ መልስ 13 መጣ። ሰው ጀሪካን ይዞ በሚሰለፍበት አገር ለዓሣ ውኃ መቀየር ያሳፍራል አለ። ሰውየው ያለው ነገር ክብደት ስላለው በቁጣ አልመለስኩም። በሳምንት የምቀይረው 8 ሊትር ነው፤ የወጣው ውኃ አንድም ጠብታ አይደፋም፣ በረንዳ ላይ ያሉት ጤና አዳሙና በሶብላው የሚጠጡት እሱን ነው፣ ናይትሬቱ ማዳበሪያ ይሆንላቸዋል። እኛም ሰፈር ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሰውየው ይህን ካነበበ በኋላ አልተመለሰም። መልስ 14 ለዚያ ሰው የጻፈው ስድብ ስለነበር እዚህ አላሰፍረውም።

ወደ ፊልተሩ የመለሰን አዳማ ያለ ወንድም ነው፣ መልስ 15። የሚሸጠውን አልገዛም፣ ሠራው። የሃይላንድ ጠርሙስ ታቹን በጋለ ምስማር በሳስቶ፣ መሃሉ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን ቱቦ አቁሞ፣ ዙሪያውን ግንበኞች ሬድ አሽ በሚሉት ቀይ ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሞላው። ድንጋዩ ከቢሾፍቱ እስከ አዳማ ባለው መንገድ ዳር እንደ ልብ አለ። ውኃው ቀይ ማውጣቱን እስኪያቆም ደጋግሞ አጥቦታል። ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ባክቴሪያ ይይዛል፣ ክብደቱም ጠርሙሱን ታች ያስቀምጠዋል። የኤር ፓምፑ ቱቦ ወደ መሃሉ ገብቶ አረፋው ሲወጣ ውኃውን አብሮ ይስበዋል፤ ሌላ ሞተር የለውም። እኔ ከዚህ ሁሉ መልስ ውስጥ እጄን ያሳከከኝ ይህ ነው። መልስ 16 የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ መጠቀም ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ኬሚካል ያልተነከረ መሆኑን ካላወቅህ ተወው፣ ዕቃ ማጠቢያ ላይ ጀርም ይገድላል ተብሎ የሚሸጠውን ደግሞ ፈጽሞ አታስገባ፣ እኛ የምንፈልገው ጀርሙን ነው ብሎ የአዳማው ልጅ ራሱ መለሰለት፤ ይህ 17 ነው።

ከዚያ ውይይቱ ለአንድ ቀን ከመንገድ ወጣ። መልስ 18 ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ተርፎኛል፣ ለሚፈልግ በነፃ እሰጣለሁ፣ ካልሆነ ወንዝ እጥለዋለሁ አለ አንዱ። ባሕር ዳር ያለች እህት እሳት ሆና ተነሳች፣ መልስ 19። የእሷ ቤተሰብ ዓሣ አስጋሪ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጀልባ አላስኬድ፣ መረብ አላስጥል እንዳለ፣ ሰው በእጁ እየነቀለ ወገቡ እንደተቆረጠ ጻፈች። ቆቃ ላይማ ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ቆይቷል። ከአኳሪየም የወጣ ተክል ወንዝ ውስጥ፣ ሐይቅ ውስጥ፣ ቦይ ውስጥ አይጣልም፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይቃጠላል ወይም ይቀበራል። ቃሏ ኃይለኛ ነበር፣ አንድም የምቀንሰው የለኝም። ሰውየውም ይቅርታ ጠይቆ ተክሉን አድርቆታል።

መልስ 20 ያው መልስ 1ን የጻፈው ጨዋ ሰው ነው። ስፖንጅ ከመረጥኩ መርሳት የሌለብኝን ነገረኝ። ኤር ፓምፑ ከውኃው በላይ ይቀመጥ፤ ከታች ከተቀመጠ መብራት ሲጠፋ ውኃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል፣ ወለሉንም ያጥለቀልቃል። ቦታ ከሌለ ቱቦው መሃል ላይ ውኃ የማያስመልስ ቫልቭ ይግባበት። ለድምፁ ፓምፑን እጥፍ ፎጣ ላይ ማስቀመጥ፣ ስፖንጁ ቱቦ ውስጥም ትንሽ የአየር ድንጋይ መጨመር፤ ትልልቁ አረፋ ደቃቅ ሲሆን ጉልጉልታው ይጠፋል። ለመብራት መጥፋት ደግሞ በዩኤስቢ የሚሠራ አንድ ዋት ያህል የሚበላ ፓምፕ አለ። 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ የሚባክነው ተቀንሶ አንድ ቀን ገደማ ያስኬደዋል። ሂተሩን ፓወር ባንክ አይችለውም፤ በክረምት ሌሊት መብራት ከጠፋ ገንዳውን ጋቢ አልብሺው አለኝ። አልብሼዋለሁ። እስከ ጠዋት ውኃው ከ24 ዲግሪ ወደ 22 ብቻ ነው የወረደው።

መልስ 21 ከገርጂ ነው። ሁለት ዓመት የሠራ ስፖንጅ አለኝ፣ ግማሹን ቆርጬ ልስጥሽ፣ አራት አምስት ሳምንት ከመጠበቅ ያድንሻል አለኝ። መገናኛ ተቀጣጠርን። ስፖንጁን ከገንዳው ውኃ ጋር በፌስታል አስሮ አመጣው፤ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤው ነው የተመለስኩት፣ ከደረቀ ወይም ከሞቀ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው ብሎኝ ነበር። ከአዲሱ ስፖንጅ አጠገብ በጎማ አሰርኩት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጋፒ ብቻ አስገባሁ፤ የዲሲው ወንድም በላከልኝ መለኪያ በየማታው ስለካ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ላይ ቆዩ። በሦስተኛው ሳምንት ስድስት ሆኑ። ስፖንጁ ከቫሊስኔሪያው ጀርባ ተደብቋል፣ ለሚያውቅ ሰው ካልሆነ አይታይም። ባለፈው ሐሙስ መብራት ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ጠፋ፤ ትንሿ ፓምፕ በፓወር ባንክ ስትሠራ አደረች፣ ጠዋት ስድስቱም ምግብ ፍለጋ መስታወቱ ጋ ተሰልፈው ነበር።

ሽሪምፕ ገና አላስገባሁም፣ ሁለት ወር ልጠብቅ ብያለሁ። ትናንት አንድ ሰው ከሐዋሳ ከእኔ ስፖንጅ ቁራጭ ማግኘት ይችል እንደሆነ በውስጥ ጠየቀኝ። የእኔ ገና ለጋ ነው፣ ከጥምቀት በኋላ እንነጋገር አልኩት። ሐዋሳ ገንዳ ያለው ሰው ካለ ግን እዚሁ ስር ይጻፍለት፤ በአውቶቡስ ከሚመጣ ከቅርብ ቢያገኝ ይሻላል።